የዶክተር ዳኜ ካርካዴ

ዶክተር ዳኜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። በስተግራቸው ግማሹ የተጠጣ፣ ቀይ የካርካዴ ሻይ ያለበት ኩባያ ነበር፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎለታል። ካርካዴው ውስጥ የተባይ መድኃኒት ተገኘበት። የአሶሳ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናልና ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ «ሐምዳን ቀንቶ ገደላቸው» ተባለ፤ ሐምዳንም ተያዘ።

ሐምዳን ቀርከሃ ሠሪ ነው። ስትሮክ ግራ እጁን ካሰነፈበት ወዲህ ዶክተሩ በሚመሩት የተሃድሶ ማዕከል ይታከማል፤ ካርካዴውንም በየጠዋቱ የሚያመጣላቸው እሱ ነው። ዶክተሩም በዚያው በሽታ ግራ እጃቸው ሰንፎ ነበር። ቢሆንም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናቸውና፣ የታመመ ሰው ዳግም ማንኪያ እንዲይዝና እንዲኮተኩት ማሠልጠኑንም ማጥናቱንም አልተዉም።

ኢንስፔክተር የሻረግ ደረሰች። ከሰዓት በኋላ ሐምዳን ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያኔ ማን ይሰማዋል? እሷ ደግሞ ቅናትን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። አምና ያሠለጠነችው ባልደረባዋ ቀድሟት ማዕረግ ሲለብስ አጨብጭባ፣ ቤቷ ገብታ አልቅሳለች።

«ከዶክተሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው ሐምዳንን።

«አልዋሽም እህቴ! ያ የበሽተኛ የቀርከሃ ማንኪያ እኔ ነው የሠራ። የጥናቱ ወረቀት ላይ ግን ስም የእሱ ብቻ። ቀናሁ። ግን ወላሂ አልገደልኩም! ኩባያውን በቀኙ አስቀምጬ ሄድኩ።»

ቀጥላ ለዶክተሩ ጥናት መረጃ የሰበሰበችውን ቴራፒስት ዮዲትን ጠራች።

«እኔም ቀንቻለሁ» አለች ዮዲት ሳትጠየቅ። «ሁለት ዓመት ከባምባሲ እስከ ድባጤ የዞርኩት እኔ፣ የተጨበጨበላቸው እሳቸው!»

«ጥናቱ ምን ይላል?»

«የሰነፈውን እጅ በግድ ማሠራት ታካሚዎቻችንን አስመርሮ ያስቀራቸዋል ይላል። መጀመሪያ ታካሚው በጤነኛው እጁ የለመደውን ሥራ ይሥራ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል። ከመስከረም ጀምሮ እዚህ የሚሠለጥኑት ተማሪዎችም የሚማሩት ይህንኑ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የድሮውን ትቻለሁ።»

«የድሮውስ ምን ነበር?»

«ዕቃውን ሁሉ በሰነፈው እጅ በኩል ማስቀመጥ። ሌላው ቴራፒስታችን አንተነህ ለተማሪዎቹ አሥር ዓመት አስተምሮታል።»

አንተነህ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፊቱ በሐዘን ጠቁሮ መጣ።

«እርስዎስ አልቀኑባቸውም?» አለችው።

«እኔ ልቅና? ዶክተሩ አባቴ ነበሩ እኮ!»

«ጠዋት ቢሯቸው ገብተው ነበር?»

«ኧረ ደጃፋቸውንም አልረገጥኩ!»

የሻረግ ሦስቱንም በማዕከሉ የልምምድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ ሐምዳንን በካቴና እንደታሰረ ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጠው።

«እስቲ ዮዲት፣ ለሐምዳን ውሃ ስጪልኝ።»

ዮዲት ኩባያውን ከቀኝ እጁ ፊት አስቀመጠች። የሻረግ አነሳችው።

«አሁን ደግሞ እርስዎ፣ አቶ አንተነህ። ለመሆኑ ለተማሪዎችዎ ምን ዓይነት ማስተማሪያ አዘጋጅተው ነበር?»

አንተነህ ደስ ብሎት ስለ ማስተማሪያው ማውራት ጀመረ። እያወራ ጨርቅ በቧንቧ ውሃ አራሰ፣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፣ ኩባያውን በሐምዳን ግራ አስቀመጠ። ከዚያ የእጁን ሥራ አየና ኩባያውን መልሶ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ጨርቁ ለምንድን ነው?» አለች የሻረግ።

«እንዳ… እንዳይንሸራተት።»

«ሐምዳን ካርካዴውን በቀኝ ትቶ ሄደ። ግራ እጁ የከዳው ሰው ለሌላው በግራ አያስቀምጥም። ከእሱ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ኩባያውን አነሳ፣ መርዙን ጨመረ። ሲመልሰው ግን በግራ አኖረው፤ ጨርቅም አነጠፈለት። ይህ የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም፣ የቴራፒስት እጅ ነው። እዚህ ያሉት ቴራፒስቶች ሁለት ናቸው፤ ዮዲት ያንን ትታዋለች። ‹ደጃፋቸውን አልረገጥኩም› ያሉት እርስዎ ብቻ ቀሩ!»

«ልማድ ነው! በልማድ ሰው ይታሰራል?»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ኩባያው ላይ ያለውን አሻራ ደግሞ ነገ እናየዋለን። ምነው በቅናት ከሚቃጠሉ ያንን ጥናት ባነበቡት! ኩባያውን በቀኝ አስቀምጠው ይህን ምስኪን ያስበሉት ነበር።»

አንተነህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንዲት ስህተት ባገኝበት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ። አጣሁበት።»

ፖሊሱ የሐምዳንን ካቴና ፈታና ወደ አንተነህ መጣ።