እስክጨርስ እንዳትሄጂ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዝልኝ ወዳጄ። ድሬዳዋ የባቡር መጠገኛ ውስጥ በብረትና በእሳት መካከል ነው ያደግሁት፣ ብረት ከጮኸ ምክንያት አለው፣ በቃ፣ ሌላ ነገር አላውቅም። አዳማ መጥቼ ከጣቢያው ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ ሥራ ስጀምር፣ ሰፈርተኛው ብረት ስለምሠራ ቡዳ ነው ብሎ ልጆቹን በነጠላ ይሸፍንብኝ ነበር፣ እኔም «አይዟችሁ፣ ዛሬ አልራበኝም» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ቀትር ላይ ደግሞ የቀትር ጋኔን ይለክፋል ብለው ሁሉም በራቸውን ይዘጋሉ፣ እኔ ግን ቀትርን እወደው ነበር፣ የሚነዘንዘኝ ደንበኛ አይመጣማ።

ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ በአዳማ የማውቃት ሞተር ብስክሌት አንዲት ብቻ ነበረች፣ የአንድ ቆዳ ነጋዴ ግሪክ ንብረት፣ የሚነዳት ደግሞ መልእክተኛው ገመቹ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን ዓይነ አፋር ሰው። የሞተሯን ዋና ዘንግ ግራና ቀኝ የሚሸከሙት ሁለት ቀለበቶች፣ ዛሬ ኩሽኔታ የምትሉት፣ ተበልተው ዘንጉ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቅ ስለነበር፣ እኔ ዘንድ ተፈታትታ ከጅቡቲ ዕቃ ትጠብቃለች። የገመቹ ሚስት ጫልቱም የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት አዳሚ ቱሉ ሄዳለች።

አንድ ማለዳ ገመቹ እየሮጠ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሽ አሰፋ፣ ጫልቱ ምጥ ላይ ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ወንድሟ ሌሊቱን ሲጋልብ አድሮ ነው የነገረኝ፣ ፈረሱም እደጃፌ ወደቀ።»

«ታዲያ በቅሎ ፈልግ።»

«በቅሎ ነገ ነው የምታደርሰኝ። ደም የሚያቆም መድኃኒት ከሐኪሙ ተቀብያለሁ፣ ዛሬ ካልደረስኩ ምን ያደርጋል? ይቺን ያስነሱልኝ ጋሼ፣ በሞቴ።»

ኩሽኔታ ከየት ላምጣ አልኩት። ከኪሱ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣ፣ የነሐስ አምባሮች ናቸው፣ ጫልቱ እርግዝናው እጇን ሲያሳብጣት አውልቃ የተወቻቸው። «ራሷ ብትኖር ትሰጥዎት ነበር» አለኝ። እኔም ሌላ ነሐስ አልነበረኝምና ተቀብዬ፣ በገዛ ዓይኔ እያየሁ አቀለጥኳቸው፣ አንድም አልተረፈ፣ ይህን አትርሳብኝ።

ሁለት ቀለበት አፍስሼ፣ ቀዝቅዘው፣ ሞርጄ፣ በቦታቸው ከተትኳቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው፣ ዘንጉን ጥላሸት በዘይት ለውሰህ ትቀባዋለህ፣ ከቀለበቶቹ ውስጥ ከተህ በእጅህ ታዞረዋለህ፣ ስታወጣው ጥላሸት የነካው ቦታ ጎርባጣ ነው ማለት ነውና ትፍቀዋለህ፣ ደግመህ ትቀባለህ፣ ደግመህ ትፍቃለህ። ዘንጉ እንዳያዘነብል ታዲያ ወዲያ ማዶ የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል። ገመቹን ቤንዚን እንዲያመጣ ከነጋዴው ቤት ልኬው ነበርና ብቻዬን ስታገል ቀትር ሆነ። ውጭ ሰው የለም፣ አንድ አውሎ ነፋስ አቧራውን እያዞረ ግቢውን አቋርጦ ደጃፌ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ፣ ቆርቆሮውም መንቋቋቱን ተወ።

ከዚያ ከኋላዬ ቅጭል… ቅጭል የሚል የአምባር ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ሴት ናት ብዬ አልዞርኩም። እግሯ የወለሉን ከሰል ሲረግጥ ይሰማኛል፣ ሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት እንዳቀረቀርኩ። ቁጭ ስትል አምባሯ ሲያርፍ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ፣ ልትወጣ የተነሳች መስሎኝ ተናደድኩ፣ ሥራ የያዘው ሰው ዘንድ ገብቶ መውጣት ምንድን ነው?

«ነይ ይልቅ ይሄን ያዥልኝ፣ እስክጨርስ እንዳትሄጂ» አልኳት።

እመነኝ ወዳጄ፣ የዘንጉ ሌላ ጫፍ ቀጥ አለ። አዞርኩት፣ እንደ ውሃ ዞረ። ጥሩ አድርጋ ያዘች ብዬ ላመሰግናት ቀና ስል ማንም የለም። ዘንጉ ብቻ ነው ያለው፣ ጥላሸቱም ላይ አራት ቀጫጭን የጣት አሻራ። የእኔን ጣት ታየዋለህ፣ መዶሻ የቀጠቀጠው ነው፣ ያ የእኔ አይደለም። አምባሮቹ መቅለጣቸው ትዝ ያለኝም ያኔ ነው፣ ፈራሁ፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ገመቹ ሲመለስ ምንም አልነገርኩትም። ተጣድፌ ገጣጠምኳት፣ ሞተሯ ተነሳች፣ ድምፅዋ ጥሩ ነበር፣ መድኃኒቱን ደረቱ ውስጥ ከትቶ በሞጆ በኩል አቧራውን እያስነሳ ሄደ። መሣሪያዬን ስሰበስብ አንዲት ብሎን ከጠረጴዛው ላይ አገኘሁ፣ የሞተሩ ክዳን ብሎን ናት። በሕይወቴ ብሎን አስተርፌ አላውቅም፣ አፈርኩ፣ ሲመለስ አስርለታለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ከሳምንት በኋላ ገመቹ መጣ፣ አፉንም ሳይከድን ይስቃል።

«ተረፈች ጋሼ፣ ልጁም ወንድ ነው። ቀትር ላይ ትንፋሿ ቆሞ ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበር አሉ፣ ድንገት ዓይኗን ገለጠች። እኔ ስደርስ ደሙ ገና አልቆመም ነበር፣ መድኃኒቱ ነው ያቆመው።»

«እሰይ» አልኩ።

«ግን አንድ ነገር ትላለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ብረት አስያዘኝ፣ እስክጨርስ እንዳትሄጂ ብሎ ተቆጣኝ ትላለች። እጇ ላይ ጥላሸት ነበር፣ እናቷ ብታጥበው ብታጥበው እስከ ትናንት አልለቀቀም። ‹ያን ሰው ጨረሰ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ› ብላኛለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ኪሴ ውስጥ ያችን ብሎን ጨበጥኳት።

«አልጨረስኩም በላት» አልኩት።

ብሎኗን አልሰጠሁትም፣ ከታሰረች ሥራው አለቀ ማለት ነውና። በሌላ ጊዜ ሞተሯን ለሌላ ብልሽት ሲያመጣት ክዳኑን በሽቦ አስሬ መለስኩለት፣ ሳቀብኝ። ሞተሯ በጦርነቱ ጊዜ የት እንደገባች አላውቅም፣ ጫልቱ ግን አለች፣ የልጅ ልጆች አይታለች፣ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር ሰላምታ ትልክብኛለች፣ ከሰላምታው ጋር ያ ጥያቄ አይቀርም፣ እኔም ገና ነው እላለሁ። እሷን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋት፣ አልደፈርኩም።

አሁን እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ ሐኪሙም ልብህ ደክሟል ብሎኛል፣ ብሎኗን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ልጄን ብነግረው ጃጀ ይለኛል፣ ቢያገኛትም ይጥላታል። ባለፈው ሰሞን ቀትር ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከኋላዬ ቅጭል… ቅጭል ሲል ሰማሁ፣ ቁና ቁና የሚል ትንፋሽም አብሮ መጣ። አልዞርኩም። «ገና ነው ልጄ» አልኩ። ድምፁ ግን አልሄደም፣ እስክጨርስ ሊጠብቀኝ አጠገቤ ቁጭ አለ።