የማናልበሽ ቀማሽ

ማናልበሽ ደክሟት ነበር። የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ደግ፤ ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፣ አባቷን ቀብራለች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቷን እማማ ጽጌን ታስታምማለች። ጎህ ሲቀድ ከጎባ ተነሥታ በሥራ መኪና ወደ ሮቤ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ወይ የቀበሌ ስብሰባ ወይ የሴቶች ማኅበር ይጠብቃታል። ለዚህች ሴት ፍቅር መጣላት ቢባል ማን ያምናል? እሷ ራሷ «ቆይ፣ መጀመሪያ ትንሽ ልረፍ» የምትል ነበረች። ግን መጣ፤ ያውም በሁዳዴ፣ ያውም በሰላጣ ማጣፈጫ ሰበብ!

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ማናልበሽ ከሮቤ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት እርሻ የእንግዳ ማረፊያ ምግብ አብሳይ ነበረች። እዚያ የሚያርፉት የትራክተር ባለሙያ ፈረንጆች ሰላጣ ያለ ነጩ ማጣፈጫ አይበሉም። ጡረታ የወጣው አብሳይ አስተምሯት ሄዷል። አስኳሉን ከሰናፍጭ ጋር መምታት፣ ከዚያ እጅን ሳያሳርፉ ዘይቱን ጠብ፣ ጠብ ማድረግ። የቸኮለ ሰው ዘይቱን ካንቆረቆረው ይፈርስበታል፤ ያን ጊዜ በአዲስ አስኳል ላይ የፈረሰውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመረ ይመልሰዋል። ሲወፍር እርጎ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። የባሌ ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሳህኑን ለብ ባለ ውኃ ላይ ካላስቀመጠችው አልያዝ ይላታል።

ይህን ሁሉ ታውቅበታለች። ችግሩ ጾም ሲገባ ነው። እንቁላልና እርጎ ያለበትን ነገር በሁዳዴ ምላሷ ላይ ልታደርግ? ሞታ ነው! ወጥ ቢሆን አሽትታ ጨው ማነሱን ትለያለች። ይህ ነጭ ነገር ግን ቢያሸቱትም ምንም አይናገርም።

በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ የውኃ ፓምፑን ሊጠግን የመጣ መካኒክ በጓሮ በር ብቅ አለ። ኢዶሳ ነገሪ ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሰው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገባቸው ጴንጤዎች አንዱ እንደሆነ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

«አከም ቡልቴ፣ እህቴ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ ጾም የለህም አይደል?»

ኢዶሳ ክው አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ለደግ አይጠይቅም።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ይህን ቅመስልኝ ብዬ ነው። እኔ መቅመስ አልችልም።»

ትንፋሹ ተመለሰ፤ ከዚያ ሳቀ። እጁን ታጥቦ ማንኪያውን ተቀበለና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ሎሚ ይቀረዋል። ጨውም፤ ትንሽ ብቻ።»

ጨመረች። ደግሞ ቀመሰ።

«አሁን ሚኣዋ!» አለ። ይጥማል ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየረፋዱ ይመጣ ጀመር። ፓምፑ ድኗል፤ ኢዶሳ ግን አልቀረም። ደግሞ ፊት አይቶ የሚያደላ ቀማሽ እንዳይመስላችሁ።

«ዛሬ ሰናፍጩ አፍንጫ ይሰነጥቃል።»

«ኧረ ባክህ! ትናንት ሎሚ፣ ዛሬ ሰናፍጭ። አንተን ማን ያስደስትሃል?»

«ታዲያ ልዋሽሽ?»

«እንዳትዋሸኝ።»

እርጎ ጨምራ ታበርደዋለች፤ እሱ ቀምሶ ራሱን ይነቀንቃል። ስብሰባ ላይ ላልገባት ነገር ስታጨበጭብ ለምትከርም ሴት፣ በቀን አንዴ «ይህ ጎድሏል፣ ይህ በዝቷል» የሚላት ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ደግሞ ማንኪያውን አስቀምጦ አተኩሮ አያት።

«ምነው?»

«ፊትሽ ገርጥቷል። ምን በልተሽ ነው የምትውይው?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። ከዚያ ሽሮ።»

«ቀሪውን እኔ ልምታልሽ። አንቺ ቁጭ በይ።»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ሲሠራ ተቀምጣ ያየችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። በዚያች በርጩማ ላይ እንዳለች ወደደችው።

በጸሎተ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች መጡ። ማናልበሽ ሰሙነ ሕማማቱን ስትሰግድ ሰንብታ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። የመጀመሪያው ማጣፈጫ ፈረሰባት፤ ሁለተኛውም። በመጨረሻዎቹ እንቁላሎች ሦስተኛው ያዘላት። ጨው አደረገችበት፤ የማረፊያው ኃላፊ አቶ ዘውገ ጠርቷት ሄደች፤ ተመልሳ መጨመሯን ረስታ ደግማ ጨመረችበት።

ኢዶሳ ሲቀምስ ምላሱ ተኮማተረ። ቀና ብሎ አያት። ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እንዴት ነው?»

ያን ጊዜ «እርጎ ይግባበት» ቢል ኖሮ! አላለም።

«ይጥማል» አላት።

ቆይቶ እርጎውን ራሱ ሊጨምርበት አስቦ ነበር። አቶ ዘውገ ከተፍ ብሎ ሳህኑን አንሥቶ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቱ ደም መስሎ ተመለሰ።

«ይህ የሰላጣ ማጣፈጫ ነው ወይስ አሞሌ? አዋረድሽን እኮ!»

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ የሠራተኛው ስብሰባ ላይ ማናልበሽ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ስለ ጨው! አንዱ ተነሥቶ «ይህ አሻጥር እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?» ሲል ተነሥታ ቆመች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። የቀማሹን ስም አላነሣችም፤ ጴንጤ ነው፤ ስሙ ሲነሣ የሚመጣበትን ታውቃለች።

ኢዶሳ ከኋላ ብድግ አለ። «የቀመስኩት እኔ ነኝ። ጨው መብዛቱን አውቄ ይጥማል አልኳት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። መካኒክ ከወጥ ቤት ምን አገናኘው? ሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ወሬው ከማናልበሽ ቀድሞ ጎባ ገባ፤ ቤት ስትደርስ እማማ ጽጌ «ጴንጤውን ከየት አመጣሽው?» ብለው ተቀበሏት።

በማግስቱ ኢዶሳ በጓሮ በር ሲመጣ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ለእኔ ውሸት፣ ለስብሰባ እውነት?»

«አዘንኩልሽ። ሌላ ነገር ጨምሪ ብልሽ የምትወድቂ መሰለኝ።»

«ብወድቅስ! እኔ አንተን ያመንኩት እኮ ስለማትዋሽ ነው። ነገ እወድሻለሁ ብትለኝ አዝኖልኝ ነው ልበል?»

ኢዶሳ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለዚህች ጥፋቴ ይቅርታ» አለ። «ሁለተኛ አልዋሽሽም፤ ቢጎዳኝም። ሽማግሌ ልላክ?»

ዞር ብላ ሳታየው «ላክ» አለች።

በዳግማይ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ የእርሻው ግምጃ ቤት ሹም አቶ ጎሹ አንድ ጎረቤት አስከትለው «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉ ጎባ መጡ። እማማ ጽጌ ሌላውን ሁሉ ሰምተው «ልጁ ራሱ ይምጣ፤ ከአፉ ልስማ» አሉ። ዝናብ እየመታው ደጅ ቆሞ የነበረው ኢዶሳ ገባ።

«ስማኝ ልጄ። ሠራተኛ ነህ ይላሉ፤ ክፉ አልሰማሁብህም። አንድ ነገር ብቻ። ወደ ሃይማኖታችን እመለሳለሁ በለኝ። እነዚህ ሽማግሎች ይስሙ፤ ጎረቤት ይስማ። ኋላ ብትቀርም እኔ ቤትህ ድረስ መጥቼ አልቆጣጠርህም።»

ማናልበሽ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። እንዳትዋሸኝ ያለችው ሴት፣ ወይ ጉድ፣ ዓይኗን ጨፍና «በል! እሺ በል! ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት» እያለች ትለምናለች። ይህ ነገር እንዲያልቅላት ብቻ ነው የፈለገችው።

«እማማ» አለ ኢዶሳ። «እሺ ብዬ ብቀር ውሸት ነው። አንዴ አዝኜ ዋሽቻት ያመጣሁባትን አይቻለሁ። እርስዎን አከብራለሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አልከለክላትም፣ ጾሟንም አብሬ እጾማለሁ። እመለሳለሁ ግን አልልም።»

«እንግዲያው ለልጃችሁ የምትሆን ልጅ የለችኝም፣ አቶ ጎሹ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ማናልበሽ፣ እሑድም ሥራ ላይ አርፍዳ ነበርና፣ ከነሥራ ልብሷ ወጣች።

«አለችሽ እማዬ። ግን እሄዳለሁ።»

«ያለ ምርቃቴ?»

«ብትመርቂኝ ደስታዬ ነው። ባትመርቂኝም ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን። ደክሞኛል እማዬ። በየቀኑ ደክሞኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሱ እናገራለሁ።» አለቀሰች።

እማማ ጽጌ ልጃቸውን አዩዋት። ያበጠውን እግሯን፣ በዘይት የተቃጠለውን ክንዷን፣ የገባውን ጉንጯን። እንዲህ አድርገው ካዩዋት ስንት ጊዜ ሆነ? ሽማግሎቹ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ዛሬስ አትሄጂም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ፊትሽ? አስርባ ሰደደቻት ሊሉኝ ነው። መጀመሪያ ተኚ።»

«እማዬ...»

«ተኚ አልኩሽ!»

ማናልበሽ ከነጫማዋ እናቷ አልጋ ላይ ጋደም አለች፤ ጋቢው ሳይደርስላት እንቅልፍ ወሰዳት። ኢዶሳ ባርኔጣውን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አመራ።

«ወዴት ነው?» አሉት እማማ ጽጌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የልጃቸውን ጫማ እየፈቱ። «ቁጭ በል። ስትነቃ አንተን ነው የምትፈልገው።»