ፍሬኑን የሠራው ማን ነው

መጀመሪያ በደሉ ይጻፍልኝ፦ መካኒኩ ኡስታ ዑስማን ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ብሎ በስደት የምንኖርባትን ከተማ ባሕሪን ሙሉ አስወርቷል፣ የሰው ድካም መቀማት ደግሞ በኔ ዘንድ ስርቆት ነው፣ ሠሪው ማንም ይሁን ማን። እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጂን አየሁ በሚሉ ሴቶች ስስቅ የኖርኩ ነኝ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም አላመንኩም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጄ ጀማል ዕቃ የሚያመላልስባት፣ የልጅ ልጆቼን ከኋላ የሚጭንባት አሮጌ ቦክስ መኪና አለችን። የኋላ ባሌስትራዋ ተሰብሮ ቂጧ መሬት ሊነካ ደርሷል፣ ፍሬኗም አይዝም። ጋራዥ ስትገባ አብሬ ሄድኩ፣ ዞር ካላችሁለት አዲሱን የፍሬን ሸራ በአሮጌ ይለውጥባችኋላ!

"ያ ሐጃ፣ አንቺ እናት ነሽ ወይስ ፖሊስ?" አለኝ ዑስማን በዐረብኛው።

"ላንተ ፖሊስ ነኝ።"

ባሌስትራውን ቀየረ፣ ሸራውንም ገጠመ፣ እያየሁት። የቀረው ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን ማስወጣት ነው፣ እሱ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ አንዱ ፊት ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው ከኋላ ተኝቶ ብሎኗን ይፈታል፣ ያጠብቃል። መሪው ጋ አስቀመጠኝ፣ የጁምዓ አዛን ሲሰማ ግን፣ "ሰግጄ ልምጣ፣ ያኔ ርገጪ እልሻለሁ" ብሎ ሄደ፣ ጋራዡም በዚያ ቀትር ጭር አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የመፍቻ ኳኳታ ሰማሁ፣ መኪናዋም ሰው እንደተደገፋት ዝቅ ብላ ተነሣች፣ ተመለሰ አልኩ።

"እናቴ፣ ርገጪ!"

ረገጥኩ።

"ያዢው… ልቀቂ!"

ለቀቅኩ። ታጋሽ ድምፅ ነበር፣ "አይዞሽ፣ አንድ ጎማ ነው የቀረን" ሁሉ ይለኛል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ የነበረው ፔዳል እየጠነከረ መጣ፣ በመጨረሻም "በቃ፣ እጅሽ ይባረክ… አይ፣ እግርሽ ይባረክ!" አለኝ፣ ሳቅኩ።

ቀና ስል ዑስማን መስገጃውን ትከሻው ላይ ጥሎ በበሩ ይገባል።

ወርጄ ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ጎማው ሥር በተቀመጠው ጠርሙስ ውስጥ የወጣው የፍሬን ዘይት ግን አረፋው ገና አልጠፋም። ልብ ያልኩትም ያኔ ነው፣ የጠራኝ በአማርኛ ነበር፣ ያውም በወሎ ለዛ፣ ዑስማን ደግሞ ከ"እሺ" በቀር አንድ ቃል አማርኛ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ዐረብኛና አማርኛን ቀላቅሎ የኖረ ጆሮ ማን በየትኛው እንደጠራው አይለይም።

ዑስማን ፍሬኑን አንዴ ረገጠና ፊቱ ተለወጠ፣ ለጀማል ግን "እንዲህ ያለ ፍሬን ሠርቼ አላውቅም" አለው።

አልዋሽም፣ መኪናዋ እንደ በቅሎ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ድልድይ ላይ ቁሚ ሲሏት ትቆማለች፣ ደስ ብሎኛል። ግን የልጅ ልጆቼ የሚሳፈሩበት ፍሬን የማን እጅ እንደነካው ማወቅ የለብኝም? በየሳምንቱ እየሄድኩ ጠየቅኩት፣ ሸሸኝ፣ በመጨረሻ በአላህ አስማልኩት።

"ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ስገባ ሥራው አልቋል፣ ከመኪናው ጋር የነበርሽውም አንቺ ብቻ ነሽ። አንዲት ሐጃ ሥራዬን ቀድማ ጨረሰችብኝ ብዬ ለሰው እንዴት ልናገር?"