ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ መድከሙን ያወቀችው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት ነው። ሐኪሙም አልደበቃትም፤ «የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም» አላት። «እንግዲያው ሳይጨልምብኝ የልጅ ልጄን አይቼ ልጥገብ» አለች።

የልጅ ልጇን ያየቻት በጨቅላነቷ ነው። እናትየው፣ የጎረቤቴ ሴት ልጅ፣ ስትሞት አባቷ ይዟት ርቆ ሄደ፤ ስልክም አያነሳም። ያለው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ኢንተርኔት ላይ የጫነው፣ ልጆች ተሰልፈው የሚዘምሩበት። ስክሪኑን ሙሉ ቢያደርጉትም ልጅቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስለሆነች ፊቷ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ስለዚህ አያት አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ትጠጋለች።

«እማዬ፣ አቆሸሽሽው እኮ!» ይላል ወንድ ልጇ በእጅጌው እየወለወለ።

«አጉላልኝ የኔ ጌታ፣ ፊቷን ብቻ።»

«እንዲህ ነው የተቀረፀው፣ ምን ላድርገው? እሺ በቃ፣ ሌላ ቀን አየዋለሁ።»

ወይ ሌላ ቀን! ይህ ልጅ እኮ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነው። አለቃው «እቺን ጥግ አጉላልኝ» ሲሉት ማውሱን ወደዚያ ወስዶ፣ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ መደመሪያውን ይጫናል፤ ጥጉ ስክሪኑን ይሞላል። ኮምፒዩተሩ ይዞት የመጣ ነገር ነው፣ ቪዲዮም ላይ ይሠራል። ለእናቱ ግን ማን አስቦ!

በር ላይ አግኝቼው «ተው አንተ ልጅ፣ ዓይኗ ሳይጠፋ» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ብታያት ባታያት ምን ይለወጣል? አትድንበትም» አለኝ። ደሜ ፈላ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ምን እንደነካው እንጃ፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሳለ ቪዲዮውን ከፍቶ ሁለቱን ቁልፎች ተጫነ። የልጅቷ ፊት ስክሪኑን ሞላው። የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ግንባሯ የአያቷ ነው።

«እማዬ፣ ነይ! ቁርጥ አንቺን!» ብሎ ጮኸ።

እናቱ ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች፤ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን አስጠጋች። ዝማሬውን እያዳመጠች ትንሽ ጠበቀች።

«እሺ፣ በል አሁን አጉላው» አለችው።

ልጁ መደመሪያውን ደጋግሞ ተጫነ፤ ፊቷ ጠፍቶ ቀለም ብቻ እስኪቀር ድረስ ተጫነ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም ምን እንደሆነ ሲገባት ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ወዲህ የአፍንጫዋን አሻራ ከስክሪኑ አይወለውልም፤ ምን ሊረባ!

እናንተዬ፣ እቤታችሁ ስክሪን ላይ የተለጠፈ ሰው ካለ አትቆጡት። ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አጉሉለት። ለጎረቤቴ ሌላ ቀን አልመጣላትም።