ከድልድዩ ላይ የወረደው ሹራብ

ወንዝ ዳር ያለው የጥንቱ የአትክልት ስፍራ ዘበኛ ሬሳ ጠዋት የተገኘው ከአሮጌው የእንጨት ድልድይ ሥር፣ ድንጋዮቹ ላይ ነው። የድልድዩ መሀል ሳንቃ የለውም።

ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚሉት መርማሪ ገና ክፍተቱን ሳይመለከት፣ ሽማግሌው አትክልተኛ ቀደሙት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። የበሰበሰውን ሳንቃ ትናንት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምልክት መስቀሉን ረሳሁ።»

«ምን ምልክት?»

«ቀይ ሹራቤን። እሱ የተሰቀለበትን ቦታ ማንም ሠራተኛ አይረግጥም። ሟችም ማታ ሲዞር ሹራቡን ሲያጣ ጊዜ ገባበት።»

ጣት ለመቀሰር የማይሰንፈው የአትክልት ስፍራው ኃላፊ፣ «ከሟች ጋር ሰሞኑን ተኳርፈው ነበር፤ ይታሰሩልኝ!» አለ።

«ቀስ በል» አለው መርማሪው። «የድልድዩን መደገፊያ አረንጓዴ ቀለም መቼ ቀባችሁት?»

«ትናንት ጠዋት፤ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ።»

ሹራቡ ተፈልጎ ትኬት ቤቱ ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ተገኘ። ክርኑ ተቀዷል፤ ጎኑን አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል፤ ግን ልቅም ተደርጎ ታጥፏል። መርማሪው እንግዶቹን ያስጎበኘችውን ወጣት አስጠራ።

«ድልድዩን አሻገርሻቸው?»

«አይ፣ ፊቱ ቆመው ፎቶ ተነሱና በወንዙ ዳር አዞርኳቸው» አለች ጣቶቿን እያፍተለተለች።

መርማሪው ሁሉንም ድልድዩ አፍ ላይ ሰበሰበ። የሟች ሚስትም መጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አባት፣ አልረሱም» ብሎ ጀመረ። «ሹራቡን የነካው የዚህ መደገፊያ ቀለም ነው፤ ሳይደርቅ። ስለዚህ ትናንት ተሰቅሎ ነበር። ታዲያ ማን አወረደው? ጠላት ቢሆን ወንዝ ይወረውረው ነበር እንጂ እንዲህ አጥፎ አያስቀምጥም። ደግሞ ድልድዩ መሀሉ ጎበጥ ስለሚል ክፍተቱ ከዳር አይታይም። እንግዶቹን ግን የመለሳቸው ሰው አለ። አስጎብኚዋ ክፍተቱን ሳታይ እንዳለ ያወቀችው ሹራቡን አይታ ነው፤ ያወረደችውም እሷው ናት። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኚህ ሰው ለሥራ ባልደረባ ብለው ለምን ወህኒ ይወርዳሉ?»

«የምን ባልደረባ? ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም!» አለ ኃላፊው።

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባቴ ነው» አለች። እዚያ ሥራ ከገባች ጀምሮ ለማንም ተናግራ አታውቅም። «ያ ቡትቶ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው… አፈርኩበት። መልሼ እሰቅለዋለሁ ብዬ ረሳሁት።»

የሟች ሚስት ቀና ብላ አየቻት። ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት የለመደው መርማሪም አፈረና ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

ሽማግሌው ሹራባቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ስታወርጂው ከሩቅ አይቼሻለሁ ልጄ፤ መልሰሽ ትሰቅዪዋለሽ ብዬ አመንኩ» አሉ። «እንግዶችሽ ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ያልቀረብኩት።»