የድልድይ በር ትኩሳት

ስንዱ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው ሰፈሮቹን በመዳፏ እየዳሰሰች ነው፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስስ ማለት ነው። ምዕራፍ ከተማ ከነመንገዷ፣ ከነገበያዋ አንድ ትልቅ የሸክላ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች። ሰው የተቆጣበት ሰፈር ይሞቃል፣ የተረጋጋበት ይቀዘቅዛል። ይህን የሚያደርገው ማሽን «ትርታ» ይባላል። በየአስፋልቱ ሥር፣ በየመብራት ምሰሶው ውስጥ ጆሮ አለው፤ የሰውን ድምፅና እርምጃ እየሰማ ቁጣ ይለካል። ሲሞቅበት ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ያረግባል። አውቶቡስ ያዘገያል፣ የገበያ ቀን ያዛውራል፣ የስልክ መልእክት ያቆያል፤ ብቻ ሊጣሉ የሚችሉ ሰዎች እንዳይገናኙ ያደርጋል። ሰዉም ለምዶታል። አውቶቡስ ሲቀርበት «ትርታ ነው» ይልና በእግሩ ያዘግማል።

ስንዱ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በቅድመ ግጭት ጥናት ተቋም ለተለማማጅ ተመራማሪነት ያለፈችው ከስንቱ ተማሪ ጋር ተወዳድራ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰፈሩን ትዳስሳለች፣ ከሞቀ ታመለክታለች፣ ካልሞቀ «ደህና» ትላለች፤ ጠረጴዛው ሰምቶ ይይዝላታል። የምርጫው ዋዜማ ጠዋት ብዙው ሰፈር ቀዝቃዛ ነበር። «ደህና፣ ደህና፣ ደህና» እያለች መጥታ የተወለደችበት ሰፈር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ድልድይ በር ቀዝቃዛ ብቻ አልነበረም። በክረምት ማለዳ የብረት በር የነካች ያህል አጥንቷ ድረስ ዘለቃት።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ ጆሮው ሳይበላሽ አይቀርም» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ዶክተር ይልቃል መጥተው ዳሰሱና ፈገግ አሉ። ድልድይ በር ኩራታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የድልድዩ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ነዋሪዎች በፓርቲ ተከፋፍለው፣ ያውም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ተደባድበው ሰው ተፈንክቶ ነበር። ያን ሰፈር እንዴት እንደሚያረግብ ትርታን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«አልተበላሸም። ሰላም ማለት ይኼ ነው፤ ልጅ ስለሆንሽ አላየሽውም» አሏት። «ካላመንሽ ግን ሂጂና ጆሮዎቹን ፈትሺ። ሰፈርሽም አይደል?»

ሄደች። ከአባቷ ቤት እስከ ድልድዩ ያሉትን ጆሮዎች አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የጠፋው የሚሰማው ነገር ነው። ያ ሁሉ ሲጯጯኽና ሲሳሳቅ የሚውል ሰፈር እንደ ታመመ ሰው ግቢ ጭር ብሏል። ከእድሩ ዕቃ ቤት ብቻ ብረት ሲፋቅ ይሰማል። ወደ ውስጥ ብቅ ብትል የሰፈሩ ወጣቶች ተኮልኩለው የድንኳኑን ብረቶች ቆራርጠው ጫፋቸውን ያሾላሉ። አይጮኹም፣ አይፎክሩም። ሥራ ላይ ናቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች።

«ለነገ ነው» አለ ኪሩቤል፣ አብሯት ያደገ የጎረቤት ልጅ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ወዲያ ማዶም እየሳሉ ነው። ቁልፉን የሰጡን አባትሽ ናቸው።»

አባቷ አቶ ደርቤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ሞት ሲኖር ጥሩምባ እየነፉ የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ፤ በኋላ መርዶው ሁሉ በስልክ ሲሆን ጥሩምባዋ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ስንዱ ስትገባ ከሥሯ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«አባዬ፣ ቁልፉን አንተ ሰጠሃቸው?»

«ድንኳኑ ከእንግዲህ ለማን ሊተከል ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽ ስትሞት የወዲያ ማዶው ተካ እግሩን አላነሳም። አርባ ዓመት ከአንድ መሶብ የበላን ሰዎች ነን። ለቅሶዬን ያልደረሰ ሰው ለኔ ምኔ ነው?»

ድምፃቸው አልከረረም። ትርታ ቢሰማቸው የሚያስደነግጠው ነገር አያገኝባቸውም ነበር። ስንዱን ግን ፍርሃት ጨመደዳት፤ አባቷ ሲቆጡ ታውቃለች፣ እንዲህ ረግተው ግን አይታቸው አታውቅም።

ወዲያ ማዶ ያልፈተሸችው አንድ ጆሮ ቀርቷል። ድልድዩ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ማገጃ ከተጋረጠበት ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ሲጠገን ያየ የለም። በተቋሙ መታወቂያ አስከፍታ ተሻገረች። እንደ ዕድል ሆኖ ጆሮው ያለው ጋሼ ተካ በር ላይ ነው። ሽማግሌው ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንገቷን ደፍታ ልታልፋቸው ነበር።

«ስንዱ ነሽ? ነይ እንጂ፣ ምን ያሸሽሻል?» አሉ። አመነታች፣ ግን ቀረበች። ጉንጯን ሳሟት። «ከአባትሽ ጋር ተቆራርጠናል። እንዲያ ያለ ሐዘን ሲደርስብኝ ቀረብኝ፤ እሱ ለእሱ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ? ይልቅ እናትሽ እንዴት ናት? እግሯን ያማት ነበር፣ ተሻላት?»

መጀመሪያ የሚቀልዱባት መስሏት ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ቀልድ የለበትም።

«ጋሼ... እማዬ ካረፈች እኮ ስምንት ወር ሆናት።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ማን ነገረኝ?» አሉ። «ልጄ፣ ማን ነገረኝ?»

«የእርስዎስ ሐዘን? ምን ሐዘን ደረሰብዎት?»

«ታምሩ ነዋ። ልጄን ታምሩን ቀበርኩት እኮ። አባትሽ አልነገረሽም?»

አባቷ አያውቁም። ወዲህ ማዶ ማንም አያውቅም። ታምሩ ስንዱን ብስክሌት ያስተማራት ልጅ ነበር። እዚያው በራቸው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ነገሩ ገባት። ጠቡ የተነሳው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበር። ትርታ የታዘዘው ሰዎቹ እንዳይገናኙ ነው፤ ሰዎቹን የሚያገናኛቸው ደግሞ ሞት ነው። ስለዚህ የወዲህኛውን መርዶ ከወዲያኛው ስልክ አስቀረ፣ የወዲያኛውንም ከወዲህ። ሙታኑን ደብቅ ያለው ሰው አልነበረም። ለቅሶ መቅረት በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነም የነገረው የለም።

ለዶክተር ይልቃል ደወለች።

«መርዶ ነው የሚያቆየው፣ ዶክተር።»

አልተገረሙም። ያውቁ ኖሯል። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተፈነከተም እኮ» አሉ። «አሁን ብንለቀው ሰፈሩ ይግላል። ነገ ምርጫ ነው።»

«ብረት እየሳሉ ነው!»

«ጠረጴዛው ላይ አይታይም።»

«ስለማይጮኹ ነዋ። የሚጨቃጨቅ ሰው ገና ተስፋ አለው፤ እነዚህ ጨርሰዋል። ሬሳም እኮ ትኩሳት የለውም፣ ዶክተር።»

«ወደ ቢሮ ተመለሺ። አንቺ ተለማማጅ ነሽ፣ ይኼ ያንቺ ሥልጣን አይደለም» ብለው ዘጉት።

ስንዱ ግን ቤቷ ገብታ ጥሩምባዋን ከግድግዳው አወረደች። አባቷ «ምን ልታደርጊ ነው?» ሲሏት እየሮጠች ወጣች። ማገጃውን ዳግም አስከፍታ ድልድዩ መሀል ቆማ ነፋች። አላወቀችበትም፤ የታመመ ጥጃ ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣ። ሆኖም ወዲህም ወዲያም ያሉ ሽማግሌዎች ያን ድምፅ ሲሰሙ ከየቤታቸው ወጡ።

«የአቶ ደርቤ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች አርፈዋል!» ብላ ለፈፈች። የገዛ እናቷን ነው። «የጋሼ ተካ ልጅ ታምሩ አርፏል! ያልሰማህ ስማ!»

ጋሼ ተካ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ደረታቸውን እየደቁ ቀድመው መጡ። ከኋላቸው ሴቶች እየጮኹ ተከተሏቸው። የመብራት ምሰሶዎቹ ወዲያው ቀሉ፤ «ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» የሚል ድምፅ ከየአስፋልቱ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ድልድይ በር ፍም ሆኖ ነበር። ጋሼ ተካ እንደተሻገሩ ማገጃው ከኋላቸው ወረደ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወዲያ ቀረ። ወዲህ ደግሞ ጩኸቱን የሰሙት ወጣቶች የተሾለ ብረት ይዘው እየሮጡ መጡ።

አቶ ደርቤ ከወጣቶቹ ፊት ነበሩ፤ ከሩቅ የጥሩምባውን ድምፅ እንጂ የተለፈፈውን ስም አልሰሙም።

«ስምንት ወር፣ ተካ» አሉ።

«አልሰማሁም። በታምሩ አጥንት አልሰማሁም።»

«በየትኛው ታምሩ አጥንት?» አሉ አቶ ደርቤ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ታምሩ ምን ሆነ?»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አይለይም። ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተንበርክከው ተላቀሱ፤ ከማገጃው ወዲያ ያሉት ሴቶችም አብረው አለቀሱ። ኪሩቤል የያዘውን ብረት የት እንደሚያደርገው ጨነቀውና ግንብ ላይ አስደገፈው።

ትርታ ያን ለቅሶ የዓመቱ ከፍተኛ የግጭት ትኩሳት ብሎ ያዘው። ስንዱ በዚያው ቀን ከተለማማጅነት ተሰናበተች። ዶክተር ይልቃል ስሟን እንኳ ሳይጠሩ መታወቂያዋን ተቀበሏት። በምርጫው ቀን ግን ድልድይ በር ሰው አልተነካም። ማገጃውን ነቅለው ጥለው ሁለቱን ለቅሶ አንድ ላይ ተቀመጡ። ድንኳን የሚያቆም ብረት ስላልነበረ ሸራውን ከግንብ ግንብ ወጠሩት።

ወሬው የመጣው እዚያ ተቀምጠው ሳለ ነው። ጥድ ሰፈር ውስጥ ሰዎች በር ለበር እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ገድለዋል። ከዚያ የሌላ ሰፈር ስም ተጠራ፣ ከዚያ የሌላ። ተቋሙ በሬዲዮ መግለጫ ሰጠ፤ ድንገተኛ ነው፣ በሰፈሮቹ ምንም ዓይነት ትኩሳት አልታየም አለ።

ስንዱ መዳፏን አየችው። እነዚያን ሰፈሮች በዚህ እጇ ዳስሳቸዋለች። ቀዝቃዛ ነበሩ። የራሷ ሰፈር ሲቀዘቅዝ ደንግጣ ጠየቀች፤ የሰዉን ሰፈር ግን «ደህና፣ ደህና፣ ደህና» ብላ አለፈችው። «ደህና» ያሉት ዶክተሩ አይደሉም፣ ማሽኑም አይደለም፤ የገዛ አፏ ነው። እንባ እንኳ እምቢ አላት።

ስትነሳ ጥሩምባዋን ከአባቷ እግር ሥር አነሳች።

«አባዬ፣ አነፋፉን በደንብ አሳየኝ።»

አቶ ደርቤ ከንፈሯን እንዴት እንደምትገጥም አሳዩዋትና፣ «ወዴት ልትሄጂ ነው?» አሏት።

«ወዳልተነኩት ቀዝቃዛ ሰፈሮች።»

«እዚያ ማን ሞቶብሽ?»

«አላውቅም፣ አባዬ» አለች ስንዱ። «ገና አልተረዳሁም።»