አራተኛው ቀይ ፍሬን

«አይዞሽ እህቴ፣ አታልቅሺ። ለሟች የሚጠቅመው ዱዓ ነው» አለች ሐምዲያ፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ወፈር ያለች ሴትዮ ትከሻ እየደባበሰች።

ሴትዮዋ ግን እያለቀሰች አልነበረም። ከደብረ ብርሃን ብርድ በሱፍ ሹራብ ተነስታ፣ ጣርማ በርን አልፋ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ሹራቡን ማውለቅ የረሳች ሰው ናት። ፊቷ ላይ የሚወርደው ላብ ነው። ወደ ለቅሶው ድንኳን ጎራ ያለችውም ቤቱን ለመጠየቅ ነበር፤ ሴቶቹ አፏን ሳትከፍት እጇን ይዘው ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት፣ የሟች የሩቅ ዘመድ አደረጓት፣ ውሃም አጠጧት። እሷም ሩብ ሰዓት ያህል አዳመጠች። በዚያች ሩብ ሰዓት የሰማችው፣ የከተማው ፖሊስ በአንድ ቀን ከጻፈው ይበልጥ ነበር።

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት» ትላለች አንዷ። «ጠዋት ‹መኪናህ ይጫንህ!› አለችው፤ አስር ሰዓት ሳይሞላ ተጫነው።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ኑርሃን ሰምታለች። ድንኳኑ ጥግ ላይ፣ የሰባት ወር ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ደጁ እያየች ተቀምጣለች። ባሏ ፈይሰል ትናንት ከሰዓት በኋላ በገዛ ግቢው፣ በገዛ መኪናው ስር ተጨፍልቆ ሞተ። ሐኪም አይቶት ዛሬ ረፋዱ ላይ ተቀበረ። ከቀብር መልስ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ደረጄ ጠጋ ብሎ፣ «ከሰዓት ከዞን መርማሪ ይመጣል፤ ያንቺንም የልጅሽንም ልብስ አዘጋጂ» ብሏታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጡቷ ወተት አልሰጥ ብሏል።

«እኔ እንኳ» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ «ከዞን ፖሊስ ነኝ። ኢንስፔክተር አሰገደች እባላለሁ።»

የሐምዲያ እጅ ፍም እንደነካ ሁሉ ከትከሻዋ ላይ ተነሳ።

ኢንስፔክተሯ ኑርሃንን ወደ ቤት ይዛት ገባች። ሹራቧን አወለቀችና በእፎይታ ተነፈሰች። «የመጣሁት እንኳ ለሌላ ጉዳይ ነበር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ረቡዕ ማታ ጀውሃ መግቢያ ላይ ሼህ ኸድር የሚባሉ ሽማግሌ ገጭቶ ገድሎ ያመለጠ መኪና እየፈለግሁ ነው። መንገድሽ ነውና ይህንንም እይ አሉኝ። ፈይሰል ትናንት ምን እየሠራ ነበር?»

«ፍሬን ቀለም እየቀባ።»

«ፍሬን ይቀባል እንዴ?»

«ስልኩ ላይ አይቶ ነው እትዬ። ጎማው ሲፈታ የሚታይ፣ ዲስክ የሚሉትን ክብ ብረት ነክሶ የሚያቆም ብረት አለ፣ ካሊፐር ይሉታል። እሱ ቀይ ሆኖ በቸርኬው ቀዳዳ ሲታይ ያምራል አለኝ። በሮቢት አቧራ ማን ሊያይልህ አልኩት።»

እውነቷን ነው። የፈይሰል መኪና ባለ ሁለት በር፣ ሆዱ መሬት ሊልስ የደረሰ የስፖርት መኪና ነበር፤ ባለቤቱ ከከተማው ስፒድ ብሬከሮች ጋር አንድ በአንድ ይተዋወቅ ነበር። ባጃጅ የሚያልፈውን ጉድጓድ እሱ ወርዶ፣ አጥንቶ፣ ይመለሳል። ግን መኪናዋን ይወዳት ነበር።

«ጸቡ በዚህ ነው?»

ኑርሃን አንገቷን ደፋች። «በጥርስ ብሩሼ ነው።»

«በምንሽ?»

«ከመቀባቱ በፊት ብረቱ መጽዳት አለበት ብሎ፣ የፍሬኑን ጥላሸት በጥርስ ብሩሼ ሲፈገፍግ አገኘሁት። በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ላይ! ያኔ ነው ያልኩት… ወላሂ ከልቤ አልነበረም።» እንባዋ የልጅቷ አናት ላይ ጠብ አለ። «ያስሩኛል እትዬ? ልጄ ገና ጡት ነው የምትጠባው።»

አሰገደች አላባበለቻትም። ጠየቀቻት እንጂ። «ከዚያ በኋላ አናገረሽ?»

«አኩርፌው ነበር። የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሰግዶ፣ የመጨረሻውን ጎማ ፈትቶ በመስኮት ብቅ አለ። ‹ረድዋን መኪናዋን ወደ ማጀቴ ከተማ የወሰዳት ማክሰኞ ነው ረቡዕ?› አለኝ። ‹እኔ የመኪናህ ጸሐፊ ነኝ?› አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም። ከልጄ ጋር ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የከሰዓቱ የአሱር አዛን ካለ በኋላ ሰው ሲጮህ ነቃሁ።»

በሩ ተንኳኳ። ረድዋን ራሱ ነው፤ የፈይሰል የአጎት ልጅ፣ ለስላሳ በትሪ ይዞ። ከትናንት ጀምሮ እንግዳ የሚቀበል፣ ወንበር የሚያመላልስ እሱ ነው። ሴቶች ብቻቸውን ያለ ወንድ ማደራቸው ጥሩ አይደለም ብሎ ሌሊቱን በረንዳው ላይ አንጥፎ ያደረውም እሱ ነው።

«ኑርሃንን አያስጨንቋት» አለ በትህትና። «አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ለመጠየቅ ከሆነ እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ምን አየህ?»

«አዛን እንዳለ አብረን እንስገድ ልለው ገባሁ። መኪናው ስር ተኝቶ የፊት ግራውን እየቀባ ነበር። እግሩ ይታየኛል፣ ብሩሽ የያዘ እጁ ይታየኛል። ስሙን እንደጠራሁት ክሪኩ ተንሸራተተ። ከዚያማ ጩኸት ነው። ጎረቤቱ ሚኪያስ ደረሰና አነሳነው።»

«አላህ ያጽናችሁ» አለች አሰገደች። ለስላሳውን ግን አልነካችውም።

ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ስር መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ሸራውን ገልጣ አንድ ሰዓት ያህል በአራቱ ማዕዘን ተንበረከከች። ሦስቱ ካሊፐሮች አዲስ እንደ ገዙት ዕቃ ያበራሉ፤ ዲስካቸው በጋዜጣና በፕላስተር የተሸፈነው አንዲት ጠብታ እንዳይነካው ነው። አራተኛው ላይ ስትደርስ አጎነበሰች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ሳጅን ደረጄን ወረንጦ አስመጣች። ያወጣችውን ነገር በፖስታ ከተተች።

ቀጥሎ ከግቢው ማዶ ጋራዥ ያለውን መካኒክ ሚኪያስን ጠራች። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፤ የጠረገውን ደጋግሞ ይጠርጋል።

«ክሪኩ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። አውሼው ነው።»

«ይንሸራተታል?»

ሚኪያስ ወደ ሳጅኑ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ትናንት አልተናገርኩም፤ በእኔ ያላክኩታል ብዬ ፈራሁ። የዘይት ክሪክ ነው። ከጎኑ ያለችው ብሎን ካልተፈታች አይወርድም። መኪናውን ላነሳ ስል ተፈትታ አገኘኋት። መጀመሪያ አጠበቅኳት፣ ከዚያ ነው ያነሳሁት።»

«ሌላስ?»

«የተፈታው ጎማ። ፈይሰል ጎማ ሲፈታ እመኪናው ስር ያጋድመዋል፤ ክሪክ ቢከዳ እንኳ ጎማው ላይ ያርፋል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ አንድ ቀን ረስቶት አያውቅም። ስደርስ ግን ጎማው ግድግዳ ተደግፎ ነበር።» ጨርቁን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «በዚያ ሰዓት አይሱዙ ስር ነበርኩ፤ ሁለት ሾፌሮች አሉ፣ ይጠይቋቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለች አሰገደች።

በመጨረሻ የፈይሰልን አስከሬን፣ ጀናዛውን፣ ያጠቡት ሐጂ ሷሊሕ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃ ይቆጥራሉ።

«ሐጂ፣ እጁ ላይ ቀለም ነበር?»

«ቀለም ቢኖርማ እንቸገር ነበር ልጄ። ውሃ ቆዳውን ካልነካ ትጥበቱ አይሞላም፤ ጥፍሩን አንድ በአንድ ነው ያየሁት። ንጹሕ ነበር። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ በቤንዚን አስለቅቆት ነው። እጅጌው እስከ ክንዱ ተሰብስቧል። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው፤ ለአሱር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ፣ ሊተጣጠብ ተዘጋጅቶ ነው የሄደው።»

ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ኢንስፔክተር አሰገደች ሁሉንም በመኪናው ዙሪያ ሰበሰበች። ሐጂ ሷሊሕ ወንበር ተሰጣቸው። ሚኪያስ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ረድዋን ለሌሎቹ በርጩማ አቀረበ። ሳጅን ደረጄ ኑርሃን አጠገብ ቆመ፤ ካቴናው ወገቡ ላይ ይቅጨለጨላል። እሷ ድምፁን በሰማች ቁጥር ልጇን ጠበቅ ታደርጋለች።

«ረድዋን» አለች አሰገደች፣ «አዛን ካለ በኋላ ሲቀባ አይተኸዋል። ብሩሹን በእጁ ይዞ።»

«አዎ፣ በዓይኔ።»

«ሐጂ፣ ቀለም ጥፍሩ ላይ ይዞ ውዱእ የሚያደርግ ሰው አለ?»

«ምን ሊሆነው? ውሃው አይደርስለትም።»

«ስለዚህ ፈይሰል አዛን ሲል ሥራውን አቁሟል፤ እጁን በቤንዚን አጽድቷል። እጁን ለሶላት ያጸዳ ሰው መልሶ ብሩሽ አያነሳም። አነሳ ብንል እንኳ ቀለሙ ሐጂ ጋ ይደርስ ነበር። አራተኛውን የቀባው ሌላ ነው።»

አሰገደች ወደ መኪናው ጠጋ አለች።

«እዩት። ሦስቱን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ዲስካቸውን ሸፍኖ ነው የቀባቸው። አራተኛው ጥላሸቱ ላይ ነው የተለቀለቀው፤ ቀለሙ ዲስኩ ላይ ፈሷል፣ የፍሬን ዘይት ማስተንፈሻ ቀዳዳዋን ሳይቀር ደፍኗታል። ያ ሰው አሳምሮ ሊቀባ አልነበረም። እዚያ ያለውን ሊሸፍን ነው የቸኮለው።» ፖስታውን ከፈተች። ከውስጡ በቀይ ቀለም የተጣበቁ ጥቂት ክሮች ወጡ፤ ቀለሙ ያልደረሰበት ጫፋቸው አረንጓዴና ጥቁር ነው። «ሼህ ኸድር የለበሱት ሽርጥ አረንጓዴና ጥቁር መስመር ነበረው። ጫፉ ተቀዶ ተወስዷል። ፈይሰል የመጨረሻውን ጎማ ሲፈታ ያንን ቁራጭ ከፍሬኑ ጀርባ ተጠምጥሞ አገኘው። ለዚህ ነው ሚስቱን፣ ረድዋን በጀውሃ አልፎ ወደ ማጀቴ መኪናዋን የወሰዳት ማክሰኞ ነው ረቡዕ ብሎ የጠየቃት።»

ኑርሃን ያኔ ነው የገባት። ሌሊቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ሲያስል የሰማችው፣ ሲነጋ «ሸራውን ላስተካክል» ብሎ ሁለት ጊዜ ወደ መኪናው የሄደው፣ ልጇን ተቀብሎ ያባበለው ሰው… በርሷና በእሱ መካከል አንድ ስስ በር ብቻ ነበር።

«ረቡዕ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ደግማ፣ ጮክ ብላ፣ «ረቡዕ ነው የወሰዳት! ሐሙስ ጠዋት አጥቦ መለሳት። የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ መኪና አጥቦ!»

«ኑርሃን፣ እያሰብሽ ተናገሪ» አለ ረድዋን። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም።

«ፈይሰል ጨርቁን አላነሳውም» ቀጠለች አሰገደች፣ «ፖሊስ እንዲያየው ትቶት ነበር። ዘመዱን ሳይጠይቅ ግን መክሰስ አልሆነለትም። አንተ መጣህ። ‹የት ነው? አሳየኝ እስቲ› አልከው። ሊያሳይህ ተንጋለለ። የተኛውን ጎማ ስበህ አወጣህ፣ የክሪኩን ብሎን ፈታህ። ጨርቁን ነጠቅህ። ክሩ አልወጣ ሲልህ፣ ቀለም እየቀባ ሞተ እንዲባልም፣ ብሩሹን አንስተህ ለቀለቅህበት። ከዚያ ነው የጮኽከው። ከድንጋጤህ የተነሳ አንድ ነገር ረሳህ፤ የሟቹን እጅ መቀባት።»

ረድዋን ወደ ግቢው በር አየ። ሚኪያስ በሩ ላይ ሄዶ ቆሟል፤ እጁን መጥረግ ትቷል።

«ሽማግሌው በጨለማ ነው የገቡብኝ» አለ ረድዋን፣ በርጩማው ላይ እየወረደ። «ፈይሰልን ለመንኩት። በእናቴ ለመንኩት፣ ዝም በል ብዬ። ‹ቤተሰቦቻቸው የገጫቸውን ሰው እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ› አለኝ… ነገ አብረን ጣቢያ እንሄዳለን አለኝ።»

«ኢና ሊላህ» አሉ ሐጂ ሷሊሕ፣ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ካቴናው ቅጭል አለ። ኑርሃን ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ግን የተቆለፈው በሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር። ልጅቷ በጩኸቱ ነቅታ ጡት ፈለገች፤ ኑርሃን ሰው ፊት መሆኗንም ረስታ በነጠላዋ ከልላ ሰጠቻት። ወተቱ መጣ።

ረድዋንን ይዘውት ሲወጡ ሳጅን ደረጄ ወደኋላ ቀረት አለ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከቀብር መልስ የተናገረውን እንዳልተናገረ ለማድረግ ቃል የቸገረው ይመስላል። ባይሆንለት ወደ ለመደው የሥራ ድምፁ ተመለሰ።

«እንግዲህ ወይዘሮ ኑርሃን፣ የምስክርነት ቃልዎን ለመስጠት ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያ ይገኛሉ።»

ኑርሃን የልጇን ጀርባ መታ መታ እያደረገች ቀና ብላ አየችው።

«ዒዳ ላይ ነኝ ሳጅን፤ ባሏ የሞተባት ከቤት አትወጣም። ከአራት ወር ከአስር ቀን በኋላ ብቅ ይበሉ።»